ጾምህን በእውቀት ጠብቅ፦ ለወጣት ጿሚ የተሰጡ ምክሮች



ረመዳን በገባ ቁጥር ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂድ በር ላይ የሚያስቆሙኝ ወጣቶች ብዙ ናቸው። አንዱ «ምራቄን ውጫለሁ፣ ጾሜ አለ ወይ?» ይለኛል። ሌላው ጥርሱን አስነቅሎ፣ ከሕመሙ ይልቅ የጾሙ ነገር አስጨንቆት ይመጣል። አንዷ ልጅ ደግሞ ለምርመራ ደም ሰጥታ ስትወጣ «በቃ፣ ፈርሷል» ብላ ውሃ ጠጥታለች። ጥያቄያቸው ሁሉ ከአላህ ፍራቻ የመነጨ ነውና እወደዋለሁ። ግን ፍራቻ ብቻውን አይበቃም። እውቀት ያልደገፈው ፍራቻ ሰውን ያንገላታል።

ለረጅም ዘመን በጤና ጣቢያ አገልግያለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ከሸኾች ፊት ተቀምጬ ኪታብ ቀርቻለሁ። በሁለቱም ቦታ ያየሁት አንድ ነው፦ ሰው ጾሙን በሁለት መንገድ ይጎዳል። አንዳንዱ የማያፈርሰውን ያፈርሳል ብሎ ይጨነቃል፣ መድኃኒቱን ያቋርጣል፣ ደኅና የነበረ ጾሙን በገዛ እጁ ያበላሻል። አንዳንዱ ደግሞ የሚያፈርሰውን እያወቀ ችላ ይለዋል። ልነግርህ የምፈልገው ይህን ነው፦ ጾም የሚያፈርሱ ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ የታወቁም ናቸው። እነሱን ለይተህ ካወቅህ ወሩን ሙሉ ልብህ አርፎ ትጾማለህ።

1. መሠረቱን ያዝ

የረመዳን ጾም ግዴታ የሆነው ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና በተሰደዱ በ2ኛው ዓመት ነው። ሕጉ በሱረቱል በቀራህ ከ183ኛው እስከ 187ኛው አያህ ተቀምጧል። 187ኛው አያህ በሌሊት መብላትን፣ መጠጣትንና ከትዳር ጓደኛ ጋር መገናኘትን ፈቅዶ፣ ጎህ ከቀደደ በኋላ እስከ ምሽት ድረስ እንድንታቀብ ያዛል። የጾም ምሰሶ እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ዑለማዎች በማስረጃ የጨመሯቸውም አሉ፦ የምግብን ቦታ ተክቶ ወደ ሰውነት የሚገባ ነገር፣ ሆን ብሎ ማስታወክ፣ ሆን ብሎ የዘር ፈሳሽ ማውጣት፣ የወር አበባና የወሊድ ደም።

ከወር አበባና ከወሊድ ደም በቀር ለሌሎቹ ሦስት ጥያቄ ጠይቅ። ሰውየው አውቆ ነው ወይ? ጾመኛ መሆኑን አስታውሶ ነው ወይ? በፈቃዱ ነው ወይ? ዝርዝሩ ላይ መዝሀቦች ቢለያዩም አብዛኛው ጥያቄህ በእነዚህ ሦስቱ ይፈታል። ሳትፈልግ ጉሮሮህ የገባ ዝንብ፣ ረስተህ የጎረስከው ዳቦና አውቀህ የጠጣኸው ውሃ በአላህ ዘንድ እኩል አይደሉም።

2. ኒያህን ከሌሊቱ አስተካክል

ኒያ የልብ ሥራ ነው። በአፍ ካልተነገረ አይሆንም ብለህ አትጨነቅ። ነገ ልትጾም አስበህ ከተኛህ፣ ወይም ለሱሑር ከተነሣህ ነይተሃል። በሻፊዒ መዝሀብ ለእያንዳንዱ የረመዳን ቀን ከፈጅር በፊት መነየት ግድ ነው። በሐነፊ መዝሀብ ለረመዳን እስከ ቀትር መቃረቢያ ድረስ ቢነይትም ይበቃዋል። በማሊኪ መዝሀብ ጾሙ እስካልተቋረጠ ድረስ በወሩ መጀመሪያ የተደረገ አንድ ኒያ ለወሩ ሁሉ ይሆናል። አንተ ማታ ማታ መነየትን ልማድህ አድርገው፤ ከሁሉም ልዩነት ትወጣለህ።

እንቅልፍ ጥሎህ ሱሑር ቢያመልጥህ ጾምህ አይፈርስም። ሱሑር በረካ ያለው ሱና ነው፤ የጾም ማሰሪያ አይደለም። «ሱሑር አልበላሁምና ዛሬ አልጾምም» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው።

3. መግቢያውንና መውጫውን በሰዓቱ ጠብቅ

በአገራችን ከፈጅር እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ ዓመቱን ሙሉ 13 ሰዓት ገደማ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን ቀናችን ብዙ አይረዝምም፣ ብዙ አያጥርም። በሰሜን አውሮፓ የሚኖሩ ወንድሞችህ ረመዳን በበጋቸው ሲውል ከዚህ እጅግ የረዘመ ቀን ይጾማሉና ሰዓታችን ቢከብድህ እነሱን አስብ።

በሰዓት ማሳያው ካርድ ላይ «ኢምሳክ» የሚለው ከፈጅር በፊት ያለው ሰዓት ለጥንቃቄ የተቀመጠ ነው። በዚያ ሰዓት ውሃ የጠጣ ሰው ጾሙ አልተነካም፤ ድንበሩ ፈጅር ነው። በነቢዩ ዘመን ቢላል በሌሊት አዛን ያደርጉ ነበር፤ ሰዎች ግን መብላታቸውን እንዲቀጥሉና ጎህ ሲቀድ አዛን የሚያደርገውን የኢብኑ ኡሚ መክቱምን ድምፅ እንዲጠብቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። እውነተኛው የፈጅር አዛን ሲሰማ ግን አፍህ ውስጥ ያለውን ትፋው። አዛኑ እስኪያልቅ እጎርሳለሁ ማለት ጾምን አሳልፎ መስጠት ነው።

ማታም እንዲሁ ነው። ፀሐይ መጥለቋ ሲረጋገጥ አትዘግይ፤ ማፍጠርን ማፍጠን ሱና ነው። ነገር ግን የከተማህን ሰዓት ዕወቅ። ጅግጅጋ ላይ ፀሐይ ከአዲስ አበባ ሩብ ሰዓት ያህል ቀድማ ትጠልቃለች። አዲስ አበባ ተቀምጦ በስልኩ የጅግጅጋን አዛን ሰምቶ ያፈጠረ ሰው ገና በቀን በልቷል። ደመና ሲሆንም በግምት አትቸኩል። በነቢዩ ዘመን በደመና ቀን አፍጥረው ፀሐይ መልሳ እንደታየች አስማእ ቢንት አቡበክር (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ እንዲህ የገጠመው ሰው ያን ቀን ቀዷ ያወጣል፤ ማለትም ከረመዳን በኋላ በሌላ ቀን ጾሞ ይተካዋል።

4. ረስተህ ብትበላ ጾምህን ቀጥል

ይህ ከአላህ እዝነት አንዱ ነው። ጾመኛ ረስቶ ቢበላ ወይም ቢጠጣ ጾሙን እንዲሞላ፣ ያበላውም ያጠጣውም አላህ መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መናገራቸውን አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሻፊዒ፣ ሐነፊና ሐንበሊ ይህን ይዘው ቀዷ የለበትም ብለዋል። ማሊኪዎች ብቻ በረመዳን ቀዷ ያወጣል ይላሉ።

በረመዳን የመጀመሪያ ቀናት ይህ ብዙ ያጋጥማል። ጠዋት ቢሮ ገብተህ እጅህ በልማድ ወደ ሻይው ይሄዳል። ትዝ ባለህ ቅጽበት አፍህ ውስጥ ያለውን ትፋና ተጉመጥመጥ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አይመለከትህም። «አንዴ ከተበላሸ» ብሎ ምሳውን የሚጨርስ ግን አሁን በፈቃዱ አፈረሰ። ጓደኛህ ረስቶ ሲጠጣ ብታይ በለሆሳስ አስታውሰው።

5. የአፍህን ጉዳይ ሳታጋንን ተጠንቀቅ

ምራቅ መዋጥ ጾም አያፈርስም፤ ቢጠራቀምም አያፈርስም። በየደቂቃው መትፋት የወስዋስ በሽታ ነው፤ መንገድ ያቆሽሻል፣ ጉሮሮ ያደርቃል። ወደ አፍህ የወጣ አክታ፣ ከድድ የመጣ ደም፣ በጥርስ መካከል የቀረ ፍርፋሪ ግን ሊተፋ የሚቻል ነውና ትፋው፤ እያወቅህ አትዋጠው።

ጥርስን በመፋቂያ ማጽዳት ይፈቀዳል። ሻፊዒዎች ከቀትር በኋላ እንዲተው ይወዳሉ፤ ሌሎች ቀኑን ሙሉ ይፈቅዳሉ። የጥርስ ሳሙና ካልተዋጠ አያፈርስም፤ ጣዕሙ ግን ኃይለኛ ነውና ከሱሑር በኋላ ብትጨርሰው ይሻላል። ውዱእ ስታደርግ ተጉመጥመጥ፣ ውሃም በአፍንጫህ ሳብ፤ ነገር ግን ጾመኛ ሆነህ አጥልቀህ አትሳብ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ለይተው ከልክለዋል። ሙቀት ሲበረታብህ ገላህን ታጠብ፤ እሳቸውም ጾመኛ ሆነው ከጥም ወይም ከሙቀት የተነሣ ራሳቸው ላይ ውሃ ማፍሰሳቸው ተዘግቧል። ሳትፈልግ ውሃ ጉሮሮህ ቢገባ መዝሀቦች ይለያያሉና የመዝሀብህን ሸኽ ጠይቅ።

ወጥ መቅመስን በተመለከተ የእናቶችን ጥንቃቄ ተመልከት። ከዐስር በኋላ ሾርባው ይንተከተካል፣ የሳምቡሳው ዘይት ይግላል። እናት በማማሰያው ጫፍ ጥቂት ነክታ በምላሷ ጫፍ ጨውን ትለያለች፣ ወዲያው ትተፋለች፣ አፏን ትጉመጠመጣለች። ይህ ጾም አያፈርስም፤ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ድስት መቅመስ ችግር እንደሌለው ተናግረዋል። በዓረብ አገር በሰው ቤት ምግብ የምትሠሪ ልጄም ሥራሽ ነውና ስትቀምሺ አትጨነቂ፤ እንዳትውጪ ብቻ ተጠንቀቂ። ያለ ምክንያት መቅመስ ግን ይጠላል። ማስቲካ ጣፋጭ ስላለበትና ከምራቅ ጋር ስለሚወርድ ያፈርሳል።

6. ሽታን፣ ጭስንና አቧራን ለይ

የመንገድ አቧራ፣ የወፍጮ ቤት ዱቄት፣ በርበሬ ሲወቀጥ የሚነሣው ብናኝ፣ የመኪና ጭስ፣ እነዚህን መከላከል አይቻልምና አያፈርሱም። ወፍጮ ቤት የምትሠራ ልጅ ጾምህ ሙሉ ነው። ሽቶ መቀባትና ማሽተትም አያፈርስም። የዕጣን ጭስ ግን ራስህን ደፍተህ አትማግ፤ ጭሱ አካል ስላለው ሆን ብሎ መሳቡን ያፈርሳል ያሉ ዑለማዎች አሉ። ቤት ውስጥ ታጥኖ ሽታው ቢደርስህ ምንም የለብህም።

ሲጋራና ሺሻ ያለ ጥርጥር ጾም ያፈርሳሉ። ጫትም ያፈርሳል፤ ጭማቂው ይዋጣልና። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምርልህ። ከተራዊህ በኋላ ተቀምጠው እስከ ሱሑር የሚቅሙ ወጣቶች አሉ። ሲነጋ ጉንጫቸው ውስጥ የቀረው ቅጠል ከፈጅር በኋላ ጭማቂውን ይሰጣል፤ ያን ጊዜ ጾሙ ገና ሳይጀምር ፈረሰ። ጉንጩን ያጠራም ቢሆን ሱብሒን በጀመዓ ሳይሰግድ ተኝቶ ዙህር ያመልጠዋል። ረመዳንን ለዚህ አታውለው፣ ልጄ።

7. ማስታወክ ሁለት ዓይነት ነው

ሳትፈልግ ቢያስመልስህ፣ ብዙም ይሁን ጥቂት፣ ጾምህ አልፈረሰም። አፍህን ታጠብና ቀጥል። ጣትህን ጉሮሮህ ከትተህ፣ ወይም የሚያስመልስ ነገር ሆን ብለህ አሽትተህ ካስመለስህ ግን ያን ቀን ቀዷ ታወጣለህ። ይህን የለየው በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ የተዘገበው ሐዲስ ነው። ወደ አፍህ የደረሰውን መልሰህ አውቀህ ከዋጥኸው ደግሞ አፈረስህ። መኪና የሚያዞርህ ከሆነ ሱሑርህን ቀለል አድርገው እንጂ ከወዲሁ አትሥጋ።

8. መድኃኒትህን በረመዳን አታቋርጥ

በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ሰው ሲጎዳ ያየሁት በዚህ ነውና። አንድ ሽማግሌ ግላኮማ ነበረባቸው። ረመዳን ሲገባ ጠብታው ጉሮሮዬ ይደርሳል ብለው ተዉት። ሹዋል ሲገባ በልጃቸው ተመርተው መጡ፤ ከቀረቻቸው ብርሃን ብዙው ሄዷል። ግላኮማ የወሰደው ብርሃን አይመለስም። የዓይን ጠብታ ግን በሻፊዒም በሐነፊም ጾም አያፈርስም።

የዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ ዑለማዎች ከሐኪሞች ጋር ተቀምጠው በ1997 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ በዚህ ጉዳይ ውሳኔ ሰጥተዋል። በውሳኔው መሠረት የዓይንና የጆሮ ጠብታ፣ ወደ ጉሮሮ የሚደርሰው እስካልተዋጠ ድረስ የአፍንጫ ጠብታ፣ እንዲሁም ከምላስ ሥር የሚቀመጥ የልብ ክኒን ሟሙቶ እስካልተዋጠ ድረስ አያፈርሱም። ጥርስ ማስነቀልና ማስሞላት፣ በቆዳ ሥር፣ በጡንቻ ወይም በደም ሥር የሚወጋ ምግብነት የሌለው መርፌ፣ ኦክስጅን፣ የቆዳ ቅባትና የሽንት ቱቦም አያፈርሱም። ክትባትና ኢንሱሊን ከመርፌው ጋር ይቆጠራሉ። ጉሉኮስ ግን ሰውነትን ይመግባል፤ ስለዚህ ያፈርሳል። ክኒንና ሽሮፕ የተዋጠ ሁሉ ያፈርሳል፤ ያለ ውሃ ቢዋጥም ያፈርሳል።

የአስም ኢንሄለርን በተመለከተ በዘመናችን ዑለማዎች ሁለት አስተያየት አላቸው። ብዙዎች የሚደርሰው ጥቂትና ወደ ሳንባ የሚሄድ ስለሆነ አያፈርስም ብለዋል፤ ያፈርሳል ያሉም አሉ። የትኛውንም ብትይዝ ትንፋሽህ ሲያጥርህ ተጠቀምበት፤ ነፍስን ማዳን ይቀድማል። በመቀመጫ የሚሰጥ መድኃኒት በቀደሙት መዝሀቦች ያፈርሳል ስለተባለ፣ ከተቻለ ወደ ማታ አድርገው፤ ካልተቻለ ሸኽህን ጠይቅ።

9. የደምን ነገር ዕወቅ

ለምርመራ ደም መስጠት አያፈርስም። ስኳርን ለመለካት ጣትን መውጋትም አያፈርስም። ነስርና ቁስልም አያፈርሱም። በዋግምት ላይ ሁለት ሐዲስ መጥቷል፦ አንዱ የሚያገምተውም የሚገመተውም አፈጠሩ የሚል፣ ሌላው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጾመኛ ሆነው መገመታቸውን ከኢብኑ ዐባስ የሚያስተላልፍ። ሐንበሊዎች የመጀመሪያውን ይዘው ያፈርሳል አሉ፤ ሦስቱ መዝሀቦች አያፈርስም አሉ፤ የሚያደክም ከሆነ ግን ይጠላል። ደም መለገስም በዚሁ ይለካል። አስቸኳይ ካልሆነ ካፈጠርክ በኋላ ስጥ፤ አንድ ሕመምተኛ አሁኑኑ ደምህን ከፈለገ ግን ስጥ።

የኩላሊት እጥበት ደሙን አውጥቶ ከሚመግቡ ነገሮች ጋር ስለሚመልሰው ያፈርሳል ያሉት ዑለማዎች ብዙ ናቸው። እጥበት ላይ ያለ ሰው በሽተኛ ነውና ለመብላት ፈቃድ አለው።

10. ፈቃዱን ተቀበል

አላህ በሱረቱል በቀራህ 185ኛው አያህ ለበሽተኛና ለመንገደኛ በሌሎች ቀናት እንዲጾሙ ፈቅዷል፤ ምቾታችንን እንደሚሻም ነግሮናል። ይህን ፈቃድ መውሰድ ድክመት አይደለም። ስኳር ያለበት ሰው ከረመዳን በፊት ሐኪሙን ያማክር። ጾመኛ ሆኖ ሲለካ የደሙ ስኳር በዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ቢወርድ ወይም ከ300 በላይ ቢወጣ ወዲያው ያፍጥር፤ የሕክምናው መመሪያ ይህ ነው። እያንቀጠቀጠው፣ ላብ እያጠመቀው «መግሪብ ቀርቧል» ብሎ መታገሥ ራስን ማጥፋት ነው። በቀን አንዴ የሚወሰዱ የቲቢና ሌሎች መድኃኒቶችን ሐኪሙ ወደ ሱሑር ወይም ወደ ኢፍጧር ሊያዛውር ይችላል፤ በራስህ አታቋርጥ።

ድኖ የሚጾም በሽተኛ ቀዷ ያወጣል። መዳን የማይጠበቅለት በሽተኛና አቅም ያነሰው አዛውንት ግን ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ድኃ ያበላል፤ በሻፊዒ መለኪያው ከአገሩ ምግብ አንድ ሙድ፣ ከግማሽ ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ እህል ነው። መንገደኛ ማለት 80 ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ የሚሄድ ነው። በሻፊዒና በሐነፊ ያን ቀን ለማፍጠር ከፈጅር በፊት መንገድ መውጣት ይጠበቅበታል።

11. ለእህቶችና ለእናቶች

ልጄ፣ የወር አበባ ከመግሪብ በፊት ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ቢመጣብሽም የዚያን ቀን ጾም ቀዷ ታወጫለሽ። አትዘኚ፤ አላህ የጻፈው ነው፤ ምንዳሽ በትዕዛዙ በመገዛትሽ ውስጥ ነው። ከፈጅር በፊት ከጠራሽ፣ ትጥበቱ ቢዘገይም ነይተሽ ጹሚ። ሴቶች በወር አበባ ያለፋቸውን ጾም እንጂ ሶላቱን ቀዷ እንደማያወጡ ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አስተምረዋል። የወሊድ ደምም እንዲሁ ነው። በወር አበባ ላይ ያለች ልጅ ከቤተሰቡ ተደብቃ በየማዕዘኑ ውሃ መጎንጨት የለባትም፤ ወንድሞችና አባቶች ይህን ዕወቁ።

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ለራሷ ወይም ለልጇ ከፈራች ታፍጥር፤ በኋላ ቀዷ ታወጣለች። ያፈጠረችው ለልጇ ፈርታ ብቻ ከሆነ በሻፊዒ ከቀዷው ጋር ፊድያ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ቀን ድኃ ማብላትን ትጨምራለች፤ በሐነፊ ቀዷው ይበቃታል። ቀዷን ለሚቀጥለው ረመዳን አታሳድሪ። ዓኢሻ (ረ.ዐ.) የቀረባቸውን በሸዕባን ይጾሙ ነበር፤ ከዚያ ማሳለፍ ግን አይገባም።

12. በትዳርና በጀናባ ጉዳይ አትፈር፣ ጠይቅ

ተኝተህ በሕልም ጀናባ ቢገጥምህ ጾምህ አልተነካም፤ ታጥበህ ቀጥል። ባልና ሚስት ሌሊት ተገናኝተው ጎህ ሳይታጠቡ ቢቀድባቸው ጾማቸው ትክክል ነው። ዓኢሻና ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በጀናባ ላይ ሳሉ ጎህ ይቀድባቸው እንደነበርና ታጥበው ይጾሙ እንደነበር ተናግረዋል። ለሱብሒ ሶላት ግን መታጠብ ግድ ነው። ሚስትን መሳም በራሱ አያፈርስም፤ ራሱን የማይገታ ወጣት ግን ይራቅ። ሆን ብሎ የዘር ፈሳሽ ያወጣ አፍርሷል፤ ተውበት አድርጎ ቀዷ ያወጣል።

ከሁሉም የከበደው በረመዳን ቀን ጾመኛ ሆኖ ግንኙነት ማድረግ ነው። ቀዷ አለው፣ ከፋራ አለው። ከፋራው በቅደም ተከተል ባሪያ ነጻ ማውጣት፣ ካልተቻለ ሁለት ወር በተከታታይ መጾም፣ ያም ካልተቻለ 60 ድኆችን ማብላት ነው። በሐነፊና በማሊኪ በረመዳን ሆን ብሎ የበላም ከፋራ አለበት፤ በሻፊዒና በሐንበሊ ተውበትና ቀዷ ነው። አንዲት ጉርሻ ከዚህ ሁሉ አትበልጥምና አትዳፈር።

13. ምንዳህን የሚበላውን ፍራ

ሐሜት፣ ውሸት፣ ስድብና የማይገባ ነገር ማየት በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ጾምን አያፈርሱም፤ ቀዷም አያስወጡም። ምንዳውን ግን ይበሉታል። ውሸትና በውሸት መሥራትን ካልተወ ሰው፣ ምግብና መጠጡን መተዉ አላህ ዘንድ ዋጋ እንደሌለው በቡኻሪ ተዘግቧል። ከጠዋት እስከ መግሪብ ስልክ ላይ ሆነህ የሰው ነውር እየቆጠርክ ብትውል ሆድህ ብቻ ጾሞ ዋለ። ምራቅህን ስለመዋጥህ የምትጨነቀውን ያህል ስለ ምላስህ ተጨነቅ።

14. ጥርጣሬን በእርግጠኝነት ድፋ፣ ሰውን አትቆጣጠር

ጾምህ በእርግጠኝነት ከጀመረ በጥርጣሬ አይፈርስም። «ምናልባት ገብቶ ይሆን?» የሚል ሐሳብ ጾም አያፈርስም፤ ያረጋገጥከውን ብቻ ያዝ። ልዩነት ባለበት ጉዳይ የምታምነውን አንድ ሸኽ ጠይቅና በእሱ ሥራ፤ ከየስልኩ ቀላሉን እየለቀምክ አትዙር። በአገራችን ሻፊዒና ሐነፊ ጎን ለጎን ኖረዋል፤ አንዱ ሌላውን ሳይነቅፍ ከአንድ ሰፌድ አፍጥረዋል።

በረመዳን ቀን ውሃ የሚጠጣ ሙስሊም ብታይ በጎ ጠርጥር። መንገደኛ ሊሆን ይችላል፣ በሽተኛ ሊሆን ይችላል፣ ረስቶም ሊሆን ይችላል። እህትህን «ለምን አልጾምሽም?» ብለህ አታሳፍራት። ክርስቲያን ጎረቤትህ ቡና ሲጠጣ አትበሳጭ፤ ይልቅ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በተገናኙበት ዓመት እሱም በራሱ ሥርዓት ጾሞ እንደሚውል አስታውስና ለጾሙ ክብር ስጠው። የአንተ ጾም ያንተና የጌታህ ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ ረመዳን ከመግባቱ በፊት አንድ ሸኽ ጋ ሄደህ የጾም ምዕራፍን ቅራ። መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ሐኪምህን አሁኑኑ አማክር። ያለብህን ቀዷ ቁጠርና ሸዕባን ሳያልቅ ጨርስ። ቤት ውስጥ ያሉ አያቶችህ የዓይን ጠብታቸውንና የስኳር መርፌያቸውን እንዳይተዉ አንተ ጠብቃቸው። ታናናሾችህንም አስተምር፤ የማያፈርሰውን በመፍራት አንድም ሰው በሰፈርህ እንዳይጎዳ። አላህ ጾማችንን ይቀበለን።